የፌዴራል ሠራተኞች፦ ጠበቃ ለመምረጥ ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣

በአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በዘር፣ በትውልድ ሀገር ወይም በአነጋገር ምክንያት አድልዎ ደርሶብናል ያላችሁ አባላት ጠበቃ የምንመርጥበት ስብሰባ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት) ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል።

ጠበቃ እስኪገኝ ብላችሁ ግን አትቀመጡ። ድርጊቱ ከተፈጸመ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤታችሁን የኢኢኦ (የእኩል የሥራ ዕድል) አማካሪ ማነጋገር ግድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። አማካሪው መደበኛ አቤቱታ ማቅረብ እንደምትችሉ የሚገልጸውን ደብዳቤ ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ ያላችሁ 15 ቀን ብቻ ነው።

ለግል ድርጅት ሠራተኞች የሚሟገት ጎበዝ ጠበቃ ሁሉ የእኛን መንገድ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቀው በኢኢኦሲ (የሥራ አድልዎ ጉዳዮችን በሚያየው የፌዴራል ኮሚሽን) የአስተዳደር ዳኛ ፊት ስንት የፌዴራል ጉዳይ እንደያዘ ነው። ከሥራ የተባረረ ካለ ስለ ኤምኤስፒቢም (የፌዴራል ሠራተኞችን የስንብት ይግባኝ ስለሚያየው ቦርድ) ይጠይቅ። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ? ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነው? ብናሸንፍ የጠበቃው ወጪ ከመሥሪያ ቤቱ እንዴት ይጠየቃል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንቀበላለን።

ስትመጡ ምን መቼ እንደተፈጸመ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናችሁንና ከኢኢኦ የመጣ ደብዳቤ ካለ ቅጂውን ያዙ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ምንም አትላኩ። ዝርዝሩንም እዚህ ግሩፕ ላይ አትጻፉ፤ አለቃ ወሬ አቀባይ አያጣም።

የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ "እመጣለሁ" ብላችሁ መልሱልኝ። 45 ቀኑ ሊሞላበት የተቃረበ ካለ ዛሬውኑ በግል ይጻፍልኝ።