ለእውቅና ዝግጅት ሐሙስ እንገናኝ

ውድ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባላት፣

የጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃን በኮምፒውተር የማደራጀትና የመጠቀም ሙያ) የማስተርስ ፕሮግራማችን እውቅና እንዲያገኝ የሚያስፈልገውን የራስ ግምገማ ሰነድ ለመጀመር ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በትምህርት ክፍሉ የስብሰባ ክፍል እንገናኝ።

ዋናው ሥራችን ኮርሶቻችንን የአሜሪካ የሕክምና ኢንፎርማቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ካስቀመጣቸው 10 መሠረታዊ የብቃት መስኮች ጋር ማስተያየት ነው። መስኩ በኮርስ መግለጫው ላይ መጠቀሱ ብቻ አይበቃም። ተማሪው መቻሉን የሚያሳይ ፈተና፣ ፕሮጀክት ወይም የተግባር ልምምድ ሪፖርት ያስፈልጋል። ለተማሪዎቻችንም የሚጠቅማቸው ይኸው ነው። የጎደለን ነገር ካለ ከአሁኑ በግልጽ ብንጽፈው ይሻላል።

የኮርስ መግለጫችሁን፣ የምዘና መስፈርታችሁን እና ስማቸው የተሸፈነ የተማሪ ሥራዎችን ይዛችሁ ኑ። የአማካሪ ቦርድ ቃለ ጉባኤ እጃችሁ ላይ ካለ እሱንም።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የማይመቻችሁ ሰነዱን ቀድማችሁ ላኩ።