ስለ ልዩ የመስታወት ሥራ ወረፋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ስልካችን ላይ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ «መስታወቱ መቼ ይገባል?» የሚል ነው። ቤቱ ገና ልስን ላይ ያለውም፣ ሴራሚኩን የጨረሰውም እኩል ይጠይቃል። በሳይት ጫጫታ መሃል በስልክ የምንሰጠው መልስ ግማሹ ስለሚቀር በጽሑፍ ለማስረዳት ወሰንን።

የተለመደውን የመስኮት መስታወት በተመለከተ ችግር የለም። አልሙኒየም ሠራተኛው እዚሁ ከከተማ ገዝቶ ይቆርጠዋል፤ ቢሳሳትም በማግስቱ ሌላ ይቆርጣል። የምናወራው ስለ ደረጃና ስለ በረንዳ መደገፊያ፣ ያለ ፍሬም ስለሚቆም የሻወር ክፍልፍል፣ ስለ መግቢያ የመስታወት በርና የሁለት ፎቅ ከፍታ ስላለው የሳሎን ፊት ነው። ይህን የሚሠሩልን ሰብ ኮንትራክተሮች ሌሎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደግሞ የሁሉም ቤት ሠሪ ዓይን እነሱ ላይ ነው።

ከእነዚህ መስታወቶች አብዛኞቹ ቴምፐርድ ናቸው። መስታወቱ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ የማጠፊያውና የእጀታው ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ምድጃ ገብቶ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ከዚያም በኃይለኛ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፣ ውስጡ ዘግይቶ ይሰበሰባል። ጥንካሬውን የሚያገኘው፣ ሲሰበርም እንደ ጠጠር የሚበታተነው ከዚህ ውጥረት የተነሳ ነው። አንዴ ከምድጃ ከወጣ ግን አንድ ሚሊ ሜትር መቀነስም ሆነ አንዲት ቀዳዳ መጨመር አይቻልም። መሰርሰሪያ ከነካው ሙሉው ይረግፋል።

ስለዚህ ልክ የሚወሰደው ከፕላን ላይ አይደለም። ግድግዳው ተለስኖ፣ ሴራሚኩ ወይም እብነ በረዱ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ነው። ፕላኑ ላይ ሻወሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሳይት ላይ ግን ቱንቢ ሲጣል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ዘንበል ብሎ ይገኛል፤ ወለሉም ወደ ፍሳሹ ይወርዳል። ግንበኛውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥሩ ግንበኛም ይህን ያህል ይስታል። መስታወቱ ግን አይተጣጠፍለትም።

እንግዲህ የእኛ አሠራር እዚህ ላይ ነው ሁለት የሚሆነው፦ ወረፋው በጣም ቀድሞ ይያዛል፣ ልኩ በጣም ዘግይቶ ይወሰዳል። ብዙ ደንበኞቻችን ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ «ከሁለት ወር በፊት ተመዝግቤ እስካሁን መጥቶ የለካ የለም» ብለው ይቀየማሉ። አልተረሳችሁም። ተራችሁ ተይዟል፤ የሚጠበቀው ቤታችሁ ነው።

ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ጥሰን ተቀጥተንበታል። ባለፈው ዓመት አንድ የምናከብራቸው ደንበኛ የልጃቸው ሠርግ ጥር ላይ ስለነበር «እብነ በረዱ የታወቀ ነው፣ ውፍረቱን ደምራችሁ ለኩ» አሉን። እኛም ይሉኝታ ይዞን ለካን። ኋላ ላይ እመቤቲቱ ሌላ እብነ በረድ መረጡ፤ ከሥሩ የገባው ሲሚንቶም ከታሰበው በለጠ። ሰባት የደረጃ መስታወት ሲመጣ ቀዳዳው ሁሉ ከብረቱ ጋር በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ተላለፈ። ሰባቱም እስካሁን ግቢያችን ውስጥ ቆመዋል፤ ሠራተኞቻችን ሻይ ሲጠጡ እንደ ጠረጴዛ ይገለገሉባቸዋል። ሠርጉ ደረጃው በጣውላ ታጥሮ፣ ጣውላው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አለፈ። የሙሽራዋ አያት ጨርቁን ገለጥ አድርገው አይተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉን። ወጪውን የቻልነው እኛ ነን፤ ዘንድሮ ግን አንደግመውም፤ ማንም ቢለምነን።

ልኩ ከተወሰደ በኋላ ያለውን ጊዜ እንንገራችሁ። ቴምፐር የምናስደርገው አዲስ አበባ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጅብናል፤ ምድጃው መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ወረፋውም ይገፋል። ከዚያ ጭነቱ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ ቆሞ ታስሮ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ በየጊዜው መሬቱ ስለሚንሸራተት ይጎረብጣል፤ ለመስታወት እዚያ መንገድ ላይ በጣም ቀስ ብሎ መሄድ ነው። መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜም ጭነት አንልክም። ለጉዞና ለማራገፊያ አንድ ሳምንት፣ ለገጠማ አንድ ሳምንት እንይዛለን። በጥቅሉ ሰባት ሳምንት ማለት ነው።

አሁን በቀን መቁጠሪያ እናስላው። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ለፋሲካ እገባለሁ የሚል ቤት ልኩ እስከ የካቲት 14 መወሰድ አለበት፤ ይኸውም ሁዳዴ በሚያዝበት ሳምንት ነው። ያን ቀን ደረጃውና መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚካቸው ተጠናቆ መድረቅ አለበት። ለጥር መጨረሻ ሠርግ ያላችሁ ደግሞ የመጨረሻችሁ ኅዳር 30 ነው። ከዚያ ወዲያ ብትመጡ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን እንጂ ለጥር ቃል አንገባም። በዚህ ስሌት ውስጥ በዓላትንም አስገብተናል፤ ወር በገባ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ጎጃም ላይ ሠራተኛ አስገድዶ ማሠራት አይቻልም፤ እኛም አንሞክርም።

እናንተ ቀድማችሁ ልትወስኑት የሚገባው ነገር ግን አለ፣ ይህም ልክ ከመወሰዱ ብዙ በፊት ነው። የመስታወት በር ከፈለጋችሁ ከታች ወለሉ ውስጥ የሚቀበር፣ በሩን ይዞ መልሶ የሚዘጋ ፍሎር ስፕሪንግ አለው፤ ጉድጓዱ የሚዘጋጀው ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ነው። ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ከተነገረን የምንሰብረው አዲሱን ወለላችሁን ነው። የሻወሩ በር ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ማጠፊያው በየትኛው ግድግዳ? ያ ግድግዳ ብሎኬቱ ባዶ ከሆነ በኮንክሪት መሞላት አለበት፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 80 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ በር ብቻውን 40 ኪሎ ይመዝናልና። የበረንዳ መደገፊያ ላይ ደግሞ ሁለት መስታወት መሃሉ ፊልም ገብቶበት የተጣበቀውን ላሚኔትድ እንመክራለን። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ቢሰበር እንኳ ፊልሙ ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ልጅም አይወድቅም። እዚህ ላይ በቁጠባ አንስማማም።

ጣና ስለሚታይበት ሰፊ መስታወትም ጥያቄ ይበዛል፤ ብዙዎች ሙቀት ፈርተው ውድ የሆነውን ድርብ መስታወት ለሐይቁ ፊት ያዛሉ። ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን ነው። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ወደዚያ ብታዘነብልም ከአናት ስለሆነች መጠነኛ የጣራ ክፈፍ ይከላከላታል። ሳሎናችሁን የሚያግለው የከሰዓቱ የምዕራብ ፀሐይ ነው። ገንዘቡን ወደዚያኛው ግድግዳ ብታዞሩት ይሻላል።

ስለ ዋጋ አጭር እንሁን። መስታወቱም ሃርድዌሩም (ማጠፊያው፣ እጀታው) በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሰብ ኮንትራክተሮቻችን ረጅም ጊዜ የሚቆይ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አይሰጡንም። ለእናንተም የምንሰጠው ፕሮፎርማ ለ15 ቀን ብቻ ይጸናል። ዋጋው የሚቆረጠው ቅድመ ክፍያ ሲከፈል ነው። ወረፋ ለመያዝ ግን ክፍያ አንጠይቅም።

ገጠማው ሲደርስ ሳይቱ ምን መምሰል እንዳለበት ፎርማናችን ይነግራችኋል፤ ሁለቱን ግን እኛው እናስጠንቅቅ። መስታወት በቆመበት አካባቢ ብየዳ አይካሄድ፤ ፍንጣሪው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ነጥብ ይተዋል። ሲሚንቶም ተፈናጥቆ ከደረቀበት ይበላዋል። አንዳንድ ባለቤቶች «ቀለሙ ሲያልቅ በሩን እናሻሽላለን» እያሉ ብረት ሠሪ የሚያስገቡት መስታወት ከገባ በኋላ ነው፤ እባካችሁ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። ትልቁ የሳሎን መስታወት 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ 120 በ240 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 86 ኪሎ ያህል ነው፤ አራት ሰው ተሸክሞ የሚያልፍበት መንገድ ከአሸዋና ከጠጠር ክምር ይጽዳ።

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ ላይ ቤት የምታሠሩ ደንበኞቻችን አንድ ላይ ተጣምራችሁ ብትለኩ ደስ ይለናል። የእናንተ ጭነት ባሕር ዳር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይራገፋል፤ ሆኖም ለአንድ ሻወር ብቻ መኪና ስለማናቆም ቢያንስ ሦስት ቤት እስኪሞላ እንጠብቃለን።

የመለኪያ ቀን የተቆረጠላችሁ ሁሉ በዕለቱ ቁልፍ የያዘ ሰው ሳይት ላይ ይኑር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቤት በር ተዘግቶ ስላገኘን ለካዩን ይዘን ተመልሰናል፤ ሁለቱም ቤቶች ቀጣዩ ተራቸው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ