ጉዳዩ፦ ቀኙ ማማ እስካሁን አልደረሰኝም

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የትዕዛዝ ቁጥሬን እዚህ ደግሜ አልጽፍም። አራት ጊዜ ልኬላችኋለሁ፤ ሁለቴ ከነፎቶው። ከእናንተ የገዛሁት በትንንሽ የተዋጊ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ የሚሆን የግንብ በር ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሐሙሱ ቃላችሁና ስለ ዓርቡ ስልክ ነው።

ማክሰኞ ስደውል ያነሳችው ሠራተኛችሁ ጨዋ ነበረች። ሳታቋርጥ አዳመጠችኝ። የግንቡ በር ሁለት ማማ እንዳለው፣ አንዱ የግራ ሌላው የቀኝ እንደሆነ፣ ሳጥኑን ስከፍት ግን ሁለት የግራ ማማ እንዳገኘሁ ነገርኳት። «ገባኝ፤ ቀኙ ዛሬውኑ ይወጣል፣ ሐሙስ እጅዎ ይገባል» አለችኝ። ቅዳሜ የዘመቻችን የመጨረሻ ጦርነት እንደሆነ፣ ስድስት ሰው እንደሚመጣ ገለጽኩላት። «በእኔ ይጣሉት» አለች። ቀጥላም «ሐሙስ ካልደረሰ እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ» አለችኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ስልኩን ሳልዘጋ ነበር ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት።

ሐሙስ ከቤት አልወጣሁም። በር ያንኳኳ የለም። ስልክም አልተደወለም።

ዓርብ ጠዋት እኔው ደወልኩ። ሌላ ሰው አነሳ። የማክሰኞው ንግግር «ሲስተሙ ላይ የለም» አለኝ። እሺ ብዬ ከሀ ጀምሬ አስረዳሁት። «ታዲያ የመጣልዎት ሁለት ማማ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ግን ሁለቱም የግራ ናቸው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «በቃ አንዱን አዙረህ አቁመው» አለ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበርኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «አንተ» ሆንኩ።

አዙሬ የማላቆመው ለምን እንደሆነ፣ ይህን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሊያውቅ ይገባ ነበር። ካላወቀ ልንገራችሁ። ማማው ጀርባ የለውም። ከኋላ ክፍት የሆነው እጃችንን አስገብተን ምስሎቹን በየፎቁ እንድናቆም ነው። የድንጋዩ ቅርጽ የተቀረጸው፣ የቀስት መተኮሻ ቀዳዳዎቹ ያሉት በፊቱ በኩል ብቻ ነው። የበሩ ማጠፊያ የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ አለ። ማጠፊያው በሩን እንዲይዝ ማማውን ካዞርኩት ክፍት ጀርባው ወደ ጠላት ይዞራል። ቀስተኛው ከግድግዳ ጀርባ መሆኑ ይቀርና ሜዳ ላይ እንደቆመ ይቆጠራል። በእኛ ሕግ ደግሞ ከለላ ያለውና የሌለው ተዋጊ ዕድላቸው ሰማይና ምድር ነው። ሳላዞረው ከተውኩት በሩ በአንድ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልሞክረው ብዬ እንዲሁ አቁሜው ነበር። በራሱ ክብደት ዘመመና የበሩ የ3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ምላስ ከሥሩ ተሰበረ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ነገርኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይሄ ሁሉ ለመጫወቻ ነው? ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ ካርቶን ነገር አቁምበት።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከማያውቀኝ ሰው ቢመጣ ችዬ አልፈው ነበር። እናንተ ግን ኑሯችሁ ከዚህ «መጫወቻ» ነው።

ዘመቻችን 14 ወር ፈጅቷል። 22 ጦርነት ተዋግተናል፤ አንዱ ካለቀ በኋላ የሆነው ሁሉ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በሦስተኛው ጦርነት የተቃጠለው ድልድይ እንደተቃጠለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወንዙን የሚሻገር ሁሉ በመልካው በኩል ይዞራል። በስድስተኛው አንድ ዓይኑን ያጣው አለቃ እስከ ዛሬ ቀስቱ ሩቅ አይመታም። ሁሉም በደብተር ተይዟል። የቅዳሜው ጦርነት የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ነበር፤ ግንቡን መክበብና በሩን በግንድ መደርመስ። በሩ ካልተዘጋ የሚደረመስ ነገር የለም።

የቀረውን ግንብ በእጄ ሠርቻለሁ። ከወፍራም ፎም ቆርጬ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእስክሪብቶ ጫፍ አስምሬ፣ የድንጋይ ሸካራነት እንዲይዝ የተጨማደደ ፎይል አንከባልዬበት ነው። ጥቁር ቀለም ከእንጨት ኮላ ጋር ቀላቅዬ ቀባሁት። ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ግራጫውን፣ ከዚያ ነጣ ያለውን ጫፍ ጫፉን አስነካሁት። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይተላለፍ ብዬ የግንቡን መሄጃ 6 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት፤ የተዋጊዎቻችን መቆሚያ 25 ሚሊ ሜትር ነውና። መሀል ላይ ለእናንተ በር 24 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተውኩ። ልኩን ከሳጥናችሁ ላይ ነው የወሰድኩት። እዚያ ቦታ ካርቶን እንዳቆም ነው የተመከርኩት።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። አንዱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ነው። ሌላው ከሩቅ ስለሚመጣ ዓርብ ማታ እኔ ጋ አደረ። ግንቡን የሚከላከለው ጓደኛዬ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ጎንበስ ብሎ በማማው ክፍት ጀርባ በኩል ተመለከተ። ምንም አላለም። ተዋጊዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ማስቀመጫው መለሳቸው። ቀጣዩን ቀን ለመስማማት ስንሞክር ሁላችንንም የሚመች ቀን የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አሁን አፌን ከከፈትኩ አይቀር፣ ይሉኝታ ይዞኝ ያለፍኩትንም ላንሳ።

«ለፎም ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ስፕሬያችሁ ኮረብታዬን አቅልጦታል። ያን ጊዜ «በጣም አስጠግተው ነፍተውት ይሆናል» ተባልኩ። 30 ሴንቲ ሜትር ርቄ፣ ስስ አድርጌ ነው የነፋሁት። እንዲህ ያለ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ ብዙ ስፕሬይ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ደግሞ ይበላዋል። ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ ቶሎ የሚማረው ነገር ነው። እኔም ስለማውቅ ነበር ጽሑፉን አንብቤ፣ አምኜ የገዛሁት። የኮረብታው አናት እንደ ማር እንጀራ ተቦረቦረ። ዝም አልኩ።

ሰው ሠራሹ ሣርም አለ። ሁለት ከረጢት፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ። የጠረጴዛው ግማሽ ክረምት፣ ግማሹ በጋ መስሏል። በርሜሎቹና ሣጥኖቹ ደግሞ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ምስል ተብለው ተሽጠው የተዋጊዎቹ ደረት ላይ ይደርሳሉ። እነዚህንም አልፌያቸው ነበር።

ማክሰኞ ስደውል የፈለግኩት አንድ ማማ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም።

ቀኙን ማማ፣ ከተሰበረው በር ምትክ ጋር፣ በራሳችሁ ወጪ ላኩልኝ። የትርፉን ግራ ማማ መመለሻም እኔ አልከፍልም። በሰዓቱ ያልደረሰ ዕቃ ስለሆነ የበሩ ሙሉ ዋጋ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የስፕሬዩም እንዲሁ፤ ጽሑፉም ሌላ ሰው ሳይታለልበት ከጣሳው ላይ ይነሳ። ከዓርቡ ሠራተኛችሁ ደግሞ በጽሑፍ ይቅርታ እፈልጋለሁ። ከሥራ ይባረር አልልም፤ እንጀራውን አልመኝም። የሚሸጠውን ዕቃ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይገጣጥመው። ማክሰኞ ያነጋገረችኝም ለምን እንዳልደወለች ብትነግረኝ ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። አምኛት ነበር። «አልደረሰም፣ ይቅርታ» ብላ ሐሙስ ማታ ብትደውል ኖሮ ለስድስቱም ሰዎች እነግርና ማንም ከቤቱ ሳይወጣ ቀኑን እናዛውረው ነበር።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ጥበቃ እወስደዋለሁ። ማስታወሻዬም፣ ፎቶዎቹም፣ የተሰበረው ምላስም በእጄ ናቸው።

ስትልኩ ግን አደራ፣ ሳጥኑን ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ሰው ማማውን አውጥቶ ይየው። ፊቱን፣ ማለትም ድንጋይ የተቀረጸበትን በኩል፣ ወደ ራሱ አዙሮ ያቁመው። የማጠፊያው ቀዳዳ በግራው በኩል ከታየው ቀኙ ማማ ነው። በቀኙ በኩል ከታየው ግን እሱ ሦስተኛው ግራ ነውና አትላኩት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ