ስልክህን ያላነሳሁበት ምክንያት

ወዳጄ፣ እንዴት ከረምክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ስልክህ ሲጠራ አያለሁ፤ አላነሳም። ዛሬ ጉዱን ልንገርህ።

ያ የወለል ሥራ ትዝ ይልሃል? ዋናው ኮንትራክተር ጨረታ ሊያስገባ አንድ ቀን ሲቀረው ደወለና «የሴራሚኩን ዋጋ ቶሎ በለኝ» አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ድሮዊንጉን እያየሁ በስልክ ዋጋ ሰጠሁት። የአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ለካ ሁለት ገጽ ላይ ተከፍሏል። አንዱን ብቻ ነው የለካሁት። ሰውየው በኔ ዋጋ ጨረታውን አሸነፈ። ስህተቱን ሳውቅ «ውል እኮ አልፈረምንም» አልኩት። ሳቀብኝ።

ጠበቃዬ ግን አልሳቀችም። እ.ኤ.አ. በ1958 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን አንድ ጉዳይ አጫወተችኝ። አንድ የአስፋልት ሰብ ኮንትራክተር፣ እንደኔ ከዋናው ኮንትራክተር ሥር የሚሠራ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ በስልክ 7,131.60 ዶላር ይላል። ዋናው ኮንትራክተር ያንን ይዞ ያሸንፋል። በማግስቱ «ተሳስተናል፣ ከ15,000 በታች አንሠራም» ይሉታል። ሌላ ፈልጎ በ10,948.60 ያሠራና ይከሳቸዋል። ልዩነቱ፣ 3,817 ዶላር፣ ተፈረደለት። በቃላቸው ተማምኖ ራሱን አስሯላ! እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ ኒው ዮርክ ያለ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሊኖሊየም (የወለል ንጣፍ) ጉዳይ የዚህን ተቃራኒ ወስኖ ነበር። ስለዚህ «አልፈረምኩም» ማለት እንደ አገሩና እንደ ዳኛው ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነገር ነው። በዚህ አካሄድ እኔ በዋጋዬ ልታሰር እችላለሁ፤ እሱ ግን የኔን ዋጋ ጨረታው ውስጥ ስላስገባ ብቻ ሥራውን ለኔ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ይዞት ዞሮ ሌላውን «ከዚህ ዝቅ በል» ሊልበት ይችላል።

ኪሳራዬን ዋጥ አድርጌ ገባሁ። የውሉ ወረቀት የመጣው ሁለት ፎቅ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ውስጡ «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍላለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። አልፈረምኩም። እምቢም አላልኩም። ሴራሚኬን መደርደር ቀጠልኩ። ጠበቃዬ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። «እያንዳንዷን ሴራሚክ ስታስቀምጥ እሺ እንዳልክ ሊቆጠርብህ ይችላል» አለችኝ።

ከዚያ ክፍያ ቆመ፣ ጭቅጭቅ መጣ። አንድ ማታ ሰውየው ኮንትራክተሮች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ማጣበቂያ ከሳይት እያወጣ ሲሸጥ ያዝነው» ብሎ ለጠፈ። አርባ ከረጢት! የተረፈውን የመለስኩበት፣ ስቶር ኪፐሩ የፈረመበት ወረቀት መኪናዬ ውስጥ ነበር።

በንዴት ለሕንፃው ባለቤት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። «አጭበርባሪ»፣ «የሰው ላብ የሚበላ»፣ ያልጻፍኩት የለም። ደግነቱ ሳልልከው ለጠበቃዬ አሳየኋት። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘች፣ ሰረዘች፣ አንድ መስመር ቀረ፦ «የ2ኛውና የ3ኛው ዙር ሥራ ክፍያ አልተፈጸመልኝም።» ይሄ እውነት ነው፣ ማስረጃ አለህ፤ ሌላው ግን አንተንም በስም ማጥፋት ያስከስስሃል አለችኝ። ለራሱ ለኮንትራክተሩ ብቻ ብትልከው ስድብ ነው፤ ለሦስተኛ ሰው ሲደርስ ነው ነገሩ የሚከብደው። «ሥራው ደካማ ነው» ማለትና «ሌባ ነው» ማለትም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አስተያየት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሁለተኛውን የተናገረ ግን በአብዛኛው እውነት መሆኑን እንዲያሳይ ይጠየቃል።

እሱ ማሳየት አልቻለም። ወረቀቱን ሲያይ ተሽቆጠቆጠ። ተደራደርን፤ እኔ ከቀሪ ክፍያዬ ትንሽ ተውኩ፣ እሱ እዚያው ግሩፕ ላይ ማስተባበያ አወጣ። ሦስት መስመር። ክሱን ያነበበ ሁሉ ማስተባበያውን አንብቧል ብለህ ነው?

አንተም እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነህ። የደወልክልኝ ደግሞ እሱ በለጠፈ ማግስት ነው። «እውነት ነው እንዴ?» ልትለኝ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ በኋላማ በቆየሁ ቁጥር ማንሳት ይበልጥ አሳፈረኝ። ምናልባት የደወልከው ለሌላ ጉዳይ ይሆናል።

እሁድ ጠዋት እደውልልሃለሁ። እንዳትበቀለኝ፣ አንሳ።