ቦቃው ንስር፦ የተፈጥሮ ክበብ የዓመት ዘገባ

አምና በዚህ መጽሔት ለተፈጥሮ ክበብ የተሰጠው ቦታ አራት መስመር ነበር። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ለምኜ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቻለሁና ልጠቀምበት።

የተለመደውን ቶሎ ልጨርስ። ክበባችን 14 ልጆች አሉት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከአማርኛ ንባብ ትምህርት በኋላ፣ በዚያች ማሞቂያዋ ሲሻት በምትሠራው የምድር ቤት ክፍል እንሰበሰባለን። የቅጠል ስብስብ ጀምረን አልጨረስነውም። የወፍ መመገቢያ ሠርተን ሰቀልን፤ በሁለተኛው ቀን ስኩረሎች አወረዱት። ስለ ስብሰባዎቹ ይኸው ነው።

ዓመቱን ሙሉ ያሯሯጠን ንስር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ማሶን ኔክ እ.ኤ.አ. በ1969 ለዚሁ ወፍ ተብሎ የተከለለ የመጀመሪያው የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ብዙዎቻችሁ በ95 አውራ ጎዳና ስትመላለሱ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ዲሴምበር ላይ ጠዋት እንገናኝ ተባብለን እኩለ ቀን ደረስን፤ ያው የእኛን ቀጠሮ ታውቁታላችሁ። ዳክዬ አይተን ተመለስን።

ጃንዋሪ ላይ ግን ገና ሳይነጋ ወጣን። አንዲት አያትም አብረውን መጡ፤ ልጃቸው ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ የልጅ ልጃቸውን የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ከረግረጉ ማዶ፣ ረጅም ዛፍ ላይ፣ ቅርንጫፉ መንታ በሆነበት የተከመረ ጭራሮ ታየን። ንስሮች ጎጆአቸውን በየዓመቱ አይቀይሩም፤ የአምናውን ይጠግኑና ይጨምሩበታል። ስለዚህ ቁልሉ ከዓመት ዓመት ያድጋል። ብዙም ሳንቆይ ወንዱ ክንድ የሚያህል እንጨት በጥፍሩ ይዞ መጣና አንድ ጥግ ላይ አኖረው። ሴቲቱ፣ በአካል ከእሱ የምትበልጠው፣ እንጨቱን በአፏ ነክሳ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደችው። እሱ መለሰው። እሷ ደግሞ ወሰደችው። «ሶፋ ሲገዙ እንደ እማዬና አባዬ ናቸው» አለች አንዷ፤ ሳቃችን ወፎቹን እንዳያባርር አፋችንን ያዝን።

እኔ ዘንድሮም በሰሌዳ ላይ «ራሰ በራ ንስር» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የእንግሊዝኛውን «ቦልድ ኢግል» ቃል በቃል መመለሴ ነው። አያትየው የርቀት መነጽሩን ተቀብለው አዩና «ራሱ ላይ ይሄ ሁሉ ላባ እያለ እንዴት ራሰ በራ ይባላል? ቦቃ ነው እንጂ!» አሉ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ወይም ፈረስ ቦቃ እንደሚባል ለልጆቹ አስረዱ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳጣራ «ቦልድ» የሚለው የእንግሊዝኛውም ቃል ጥንት ነጭ ምልክት ያለበት ማለት ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን አጥፍቻለሁ።

ፌብሯሪ ላይ ስንመለስ ጭራሮው ቀርቶ ሣር ሆኗል። ሴቲቱ የደረቀ ሣር እያመጣች የጎጆውን መሐል ታለሰልሳለች፤ እዚያ ላይ ተኝታ በደረቷ ትጫነዋለች፣ ተነስታ እንደገና ታስተካክላለች። የአያትየው የልጅ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው። መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ «ቲቸር፣ ጎዘጎዘች። እንግዳ ሊመጣ ነው?» አለ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ አልቻልኩም ብል ይሻላል። አያቱ ናቸው «አዎ የኔ ጌታ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው» ያሉት።

በመኪና ስንመለስ በ1963 ከአላስካና ከሃዋይ በቀር በመላ አገሪቱ 417 ጥንድ ብቻ ተቆጥሮ እንደነበር ነገርኳቸው። ዲዲቲ የሚባለው የተባይ ማጥፊያ በዓሣው በኩል ወደ ንስሯ ሰውነት እየገባ የእንቁላሏን ቅርፊት ያሳሳው ነበር፤ ስትታቀፈው ይሰበራል። መድኃኒቱ በ1972 እዚህ አገር ታገደ፤ ንስሩም በ2007 የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርዝር ወጣ። «ዲዲቲ?» አሉ አያትየው፤ «እኛን ለወባ ብለው ግድግዳችንን ይረጩልን አልነበር እንዴ!» ልጆቹ ንስሩን ትተው ወደ እሳቸው ዞሩ። እስክንደርስ ድረስ ስለ ወባ ሲጠይቋቸው ነበር፤ በአማርኛ።

ይህን የምጽፈው «ልጆቼን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥሩ እንጂ ወፍ እንዲያዩ አይደለም» ላሉኝ ወላጅ ጭምር ነው። ጭራሮ፣ ጉዝጓዝ፣ መታቀፍ፣ ቦቃ፤ እስቲ ዛሬ ማታ ልጆችዎን ይጠይቋቸው።

በወሩ መጨረሻ ሴቲቱ ጎጆዋ ውስጥ ዝቅ ብላ መቀመጧንና ወንዱ እየመጣ እንደሚተካት ከሩቅ አየን። ከታች ሆኖ ውስጡን ማየት ባይቻልም እንቁላል መኖሩን ከዚህ አወቅን። ለመፈልፈል 35 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የመጋቢት መጨረሻው ጉዞ ግን ተሰረዘ፤ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም፤ ጫጩቶቹንም አላየንም። ለመዝጊያ በዓላችን ዲጄ የምንከፍለው ገንዘብ ስንት ጊዜ ማሶን ኔክ አድርሶ እንደሚመልሰን አስልቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

ያሉን የርቀት መነጽሮች ሦስት ናቸው፤ አንዱ የሚያሳየው በአንድ ዓይን ብቻ ነው። ቤታችሁ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ ካለ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ አገኛችኋለሁ። ቀጣዩ ጉዞ ከታንክስጊቪንግ በኋላ ነው። አያትየው ከሹፌሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ከአሁኑ ይዘዋል።