ኮሜሳን እንልቀቅ ከማለት በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ የወጣው «ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ኢኮዋስን ጥለው ወጡ፤ ሰማይም አልተደፋባቸውም፤ እኛስ ኮሜሳ ውስጥ ምን እንሠራለን?» የሚል፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ)ና ስለ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) የተጻፈ አስተያየት ባሕር ዳር ላይ በገቢና ወጪ ንግድ የምንሠራውን ሰዎች አነጋግሮናል። ጸሐፊው የቀረጡን መጣኔ ብቻ ደምረው ሒሳቡን ዘግተዋል። አገር ከንግድ ማኅበር ስትወጣ ቀድመው የሚበላሹት ግን ወረቀቶቹ ናቸው፤ ዕቃው የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚመሰክረው የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ የትራንዚት ዋስትናው፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ ዜሮ የሚያሰኘው ወረቀት ተቀባይ ካጣ ዕቃው ኬላ ላይ ይቆማል።

የእነዚያን የሦስቱን የሳህል አገሮች ጉዳይ እናጥራው። ሦስቱ አገሮች መውጣታቸውን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ሲሆን፣ የኢኮዋስ ውል አንቀጽ 91 የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ስለሚጠይቅ የጸናው ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ነው። ሰማይ ያልተደፋው ደግሞ እንዲሁ አይደለም። ሦስቱም ከምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚና የገንዘብ ኅብረት አልወጡም። የዚህ ኅብረት ስምንት አባላት በሴኤፍኤ ፍራንክ ይገበያያሉ፣ የጉምሩክ ማኅበራቸውም አንድ ነው፤ ከዳካር ባማኮ ወይም ከአቢጃን ዋጋዱጉ የሚሄድ ዕቃ ሌላ ከለላ ነበረው ማለት ነው። ኢኮዋስም በዚያው ቀን ለአባላቱ ባስተላለፈው መመሪያ፣ የማኅበሩ ዓርማ ያለበት ፓስፖርትና መታወቂያ እንዲከበር፣ የሦስቱ አገሮች ሸቀጥም እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ እንደ ቀድሞው እንዲስተናገድ አዘዘ። ጸሐፊያችሁ የወጡትን አሞግሰው በሩን ሳይዘጋ የቆየውን ረሱት።

ጉዳቱን መለካት የፈለገ ከገንዘብ ኅብረቱ ውጭ ወዳሉት ወደ ናይጄሪያና ወደ ጋና የሚወስደውን መንገድ ይይ። የኒጀርንና የቤኒንን ነገርም ይመልከት። ኢኮዋስ በኒጀር ላይ የጣለው ማዕቀብ በፌብሩዋሪ 2024 ከተነሳ በኋላም ኒጀር በቤኒን በኩል ያለውን ድንበሯን አልከፈተችም፤ ቤኒን በበኩሏ በሜይ 2024 የኒጀር ድፍድፍ ነዳጅ ከወደቧ እንዳይጫን ከለከለች። ወደ 2 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ተዘርግቶ ዘይቱ ጫፉ ላይ ቆመ። የዚህ ኪሳራ ከየትኛውም የቀረጥ ሰሌዳ ላይ አይነበብም።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ የብሪታንያ ነው፤ የዚህ አካባቢ ጽጌረዳ ሳያጠፋ ገብቶበታልና። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በይፋ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020፣ ከጉምሩክ ማኅበሩ በተግባር የተለየችው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። አበባው በማቀዝቀዣ መኪና የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ቦሌ ይደርሳል፤ በጭነት አውሮፕላን የቤልጅየሟ ሊዬዥ ወይም አምስተርዳም ይገባል፤ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው የአውሮፓ ልዩ ዕድል ያለ ቀረጥ ይለቀቃል፤ ሆላንድ ውስጥ ባለው የአልስሚር አበባ ጨረታ ላይ ይሸጣል፤ የሆላንዱ ነጋዴ ከሌላ አበባና ቅጠል ጋር በእቅፍ አሥሮ ለንደን ይልከዋል። ሁሉም አንድ ገበያ ስለነበረ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው አልነበረም።

ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ያው እቅፍ ብሪታንያ ሲገባ ሁለቱም በር ይዘጋበታል። የሆላንድ ነው እንዳይባል፣ በብሪታንያና በኅብረቱ መካከል ያለው ስምምነት ከቀረጥ ነፃ የሚያደርገው እዚያው የበቀለን ነው፤ ሆላንድ ላይ መሸጡ ስሪት አገሩን አይቀይርም። የኢትዮጵያ ነው ተብሎ የብሪታንያን ልዩ ዕድል እንዳይጠይቅ ደግሞ፣ ዕድሉ የሚሰጠው በቀጥታ ለተጓዘ ወይም በሦስተኛ አገር ሲያልፍ ከጉምሩክ ቁጥጥር ሳይወጣ፣ ለጥበቃ ካልሆነ በቀር ሳይነካ ለደረሰ ዕቃ ነው። ይህ ግን ተለቋል፣ ተፈትቷል፣ ተደባልቋል። ስለዚህ እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ 8 በመቶ ይከፈልበት ነበር። የሚታሰበውም ቦሌ ላይ በነበረው ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ቦሌ ላይ 100 ዩሮ የነበረ ጭነት ከአውሮፕላን ኪራይ፣ ከጨረታና ከነጋዴው ትርፍ በኋላ 180 ቢደርስ ቀረጡ ከ180ው ላይ 14.40 ነው። ገዢው ይህንን ከኪሱ ያወጣል ብሎ የሚያምን ገበሬ ካለ የአበባን ገበያ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ከግንዱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

መውጫው አለ፤ ግን የሚጀምረው ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ ነው። ለብሪታንያ የሚሄደው ካርቶን ከመጀመሪያው ለብቻው ይለያል፤ ኢንቮይሱም፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱም የየራሱ ይሆናል። አውሮፓ ሲደርስ ለኅብረቱ ገበያ ሳይለቀቅ «ቲ አንድ» በሚባለው የትራንዚት ሰነድ፣ ዋስትና ተይዞለት፣ ሳይፈታ ያልፋል። የስሪት አገሩም መግለጫ ኢንቮይሱ ላይ ይጻፋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ6,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ጭነት ሬክስ በሚባለው የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት የተመዘገበ ላኪ ይፈልጋል፤ ብሪታንያ ሬክስን አትጠቀምም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ነው? አንድም ሆላንድ ያለው ተቀባይ ካርቶኑን ከፍቶ ከሌላ ጋር ያሥረዋል፤ አንድም ቲ አንዱ በጊዜው ሳይዘጋ ይቀርና ዋስ የሆነው ድርጅት ቀረጡን ይጠየቃል፤ አንድም የዕፅዋት ጤናው ወረቀት መድረሻን ሆላንድ ብሎ ስለተጻፈ እዚያ ሌላ ወረቀት እስኪወጣ አበባው ይጠብቃል። ብረት ቢሆን ይጠብቅ ነበር፤ ጽጌረዳ ግን በየቀኑ ከአበባ ማስቀመጫ ዕድሜው ላይ እየከፈለ ነው የሚጠብቀው።

ለንደን ራሷ ይህ ቋጠሮ እንደማያዋጣ አይታ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በተቆረጠ አበባ ላይ ያለውን 8 በመቶ ከየትም ይምጣ ከየት ለሁለት ዓመት አነሳች። ሦስት ዓመት ሙሉ የተከፈለው ግን አልተመለሰም። ጊዜያዊ መሆኑንም ልብ ይሏል።

ፖለቲካው የሚከተለው ከዚህ ኋላ ነው። ሰሜን አየርላንድ በሸቀጥ ሕግ ከአውሮፓ ጋር ስትቀር ምርመራው ወደ ባሕሩ ተዛወረ፤ ከብሪታንያ ጋር መኖርን የሚሹት ፓርቲዎች አገራችን መካከል ድንበር ተሰመረ ብለው ተቆጡ፤ ትልቁ ፓርቲያቸውም ከፌብሩዋሪ 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 የጋራ መንግሥቱን አስቁሞ ቆየ። ከታላቋ ብሪታንያ በመጣ ምግብ ላይ በሚደረግ ምርመራ ምክንያት ካቢኔ ሁለት ዓመት አይቀመጥም ቢባል ማን ያምን ነበር?

ሩቅ መሄድስ ለምን? በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ፣ እስከዚያ በአንድ ብር ያለ ቀረጥ ሲገበያዩ የነበሩ ሁለት አገሮች በአንድ ወቅት ተለያዩ። አስመራ ብርና ናቅፋ እኩል ይመንዘሩ አለች፤ አዲስ አበባ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ፣ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ በሚሆንበት ሰነድ) ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ባድመ ላይ ፈነዳ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ኤልሲ የማይከፍት የጤፍ ነጋዴና የውጭ ምንዛሪ የሌለው ገዢ ድንበሩ ላይ ተፋጥጠው ከርመው ነበር፤ አሰብም ከዚያ ወዲያ ለእኛ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

አሁን ወደ ኮሜሳ። ጸሐፊያችሁ «ኮሜሳ የሚሰጠን 10 በመቶ ብቻ ነው» ያሉት መስተካከል አለበት። ነፃ የንግድ ቀጠናው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ኢትዮጵያ አልገባችም። 10 በመቶው ከአባል አገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ እኛ ከመደበኛው ቀረጥ የምንቀንሰው ነው፤ 20 በመቶ የነበረው 18 ይሆናል ማለት ነው። ትንሽ ነው ካሉ እስማማለሁ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በጋላፊ ጅቡቲ የሚገባ የጭነት መኪና ግን የኮሜሳን ቢጫ ካርድ ይይዛል። ያ ካርድ ከሌለ ሾፌሩ ድንበር ላይ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንደገና ይገዛል፤ አደጋ ቢደርስ ካሣውን የሚከታተልለት የአገር ቤት ኢንሹራንስ ድርጅትም እዚያ ወኪል አያገኝም። «አህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና አለልን» የሚሉም አሉ፤ በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ስምምነት የመኪና ኢንሹራንስ ካርድ የለውም።

ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኮሜሳን ስትለቅ ቢጫ ካርዱን አልጣለችም። መውጣት የሚፈልግ እንዲህ ነው የሚወጣው፤ የትኛው ሰነድ ከማኅበሩ ጋር እንደሚሞት፣ የትኛው ለብቻው እንደሚቆይ አስቀድሞ ለይቶ። እ.ኤ.አ. በ1977 የፈረሰው የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ይህን ሳያደርግ ነው የተለያየው። ባቡሩ፣ አየር መንገዱ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ መርከቦች ሳይቀሩ የጋራ ነበሩ። የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር እስከ 1983 ተዘጋ፤ ንብረት የመከፋፈሉ ስምምነት የተፈረመው በ1984 ነው። ጣና ላይ በጀልባ ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያሻም።

ዝግጅት ክፍሉ ጉዳዩን ሊቀጥልበት ከፈለገ፣ ኢትዮጵያ በኮሜሳ ስም የምትጠቀምባቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች ጠይቆ ቢያወጣ ከአሥር አስተያየት ይበልጣል። እስከዚያው ለየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን የብሪታንያ ትዕዛዝ የሚቀበሉ አበባ አምራቾቻችን፣ የቀረጡ መነሳት በማረፊያው ቀን ጸንቶ መኖሩን ገዢው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፣ ካልጸናም 8 በመቶውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በስም እንዲሰፍር ያድርጉ።

ከሠላምታ ጋር፤
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ባሕር ዳር