ማሽኖቹን ከመጫናችሁ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እናታችን የሜሪላንድን ብርድ እንዴት ያዙት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዓመት ድምፄ መጥፋቱ ከመርሳት እንዳልሆነ ልብህ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ይቅር በለኝ። ማኅበራችሁ ገንዘብ አዋጥቶ ለትውልድ ቀያችን ሆስፒታል 15 የኦክስጅን ማሽን ሊልክ መሆኑን ስትጽፍልኝ ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ። በኮሮና ሰሞን ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ የቀረሁት ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታው ያው፣ ሳንባውም ያው፣ ታዲያ አንዱ ጋ ድኖ የሚወጣ ሰው ሌላው ጋ ለምን ይሞታል ብለኸኝ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ የሰው ሁሉ ወሬ ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ሰሞን ያወጣው ስሌት ግን ከ100 ታማሚ 15ቱ ገደማ ኦክስጅን የሚፈልግ ከባድ ሕመም እንደሚይዛቸው፣ ጽኑ ሕክምና የሚያሻቸው ደግሞ 5ቱ ገደማ እንደሆኑ ያሳያል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ቁም ነገሩ ኦክስጅን ነበር። እናንተ ጋ ኦክስጅን በግድግዳ ቧንቧ ይመጣል። ከሆስፒታሉ ጀርባ የፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ ቆሟል፤ ከፈሳሹ 1 ሊትር 860 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ነርሷ መክፈቻውን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እኛ ጋ ደግሞ በሲሊንደር ሆኖ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይመጣል።

እስቲ አብረን እናስላው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ባዶውን እንኳ ግማሽ ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ከረጢት ባለው ጭንብል በደቂቃ 15 ሊትር ሲሰጠው ያ ሲሊንደር በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። ለአንድ ሰው በቀን ከ3 ተኩል በላይ ማለት ነው። 10 ሰው ከተኛ በየቀኑ 36 ሲሊንደር መጫን፣ ሌላ ከተማ ሄዶ መሙላትና መመለስ ይጠይቃል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ሾፌሩ ራሱ ሲታመም የጌጁ መርፌ ወደ ቀዩ ይወርዳል። ያኔ ያለውን ለማብቃቃት የአንዱ ፍሰት ከ15 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 8 ዝቅ ይደረጋል። ሰውየው ሲሞት ካርዱ ላይ የሚሰፍረው የበሽታው ስም ብቻ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሰውየውን የገደለው ርቀት ቢሆንም የርቀት መዝገብ የለም።

ክትባቱም በዚያው መንገድ ነው የሄደው። እንግሊዝ ኅዳር 29 ቀን 2013 መከተብ ጀመረች። ለእኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ የደረሰው የካቲት 28 ነው። ወዲያው ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ተጨንቃ ክትባት ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ሁለተኛውን ዶዝ መጠበቅ የብዙ አገር ዕጣ ሆነ።

አሁን ወደ 15ቱ ማሽን ልምጣ። ኮንሰንትሬተር መምረጣችሁ ትክክል ነው፤ መንገድም ሆነ አይሱዙ አይፈልግም። ከክፍሉ አየር ይስባል፣ ዜዮላይት በሚባል ማዕድን ናይትሮጅኑን ያስቀራል፣ 93 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ ኦክስጅን ይሰጣል። ኮሮና ቢያልፍም የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናትና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች አሁንም በየሌሊቱ ይመጣሉ። ጨቅላ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ከፍ ያለው ሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃዋል። ማከፋፈያ ከተገጠመለት አንድ ባለ 5 ሊትር ማሽን ለአራትና ለአምስት ጨቅላዎች ይሆናል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ 5 ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካ ፐልስ ኦክሲሜትር ከሥልጠናና ከጥገና ጋር ሲገባላቸው በሳንባ ምች ከተኙት ሕፃናት መካከል የሚሞቱት ከየ100ው 5 ከሚጠጋ ወደ 3 ገደማ ወርደዋል። ከጥገና ጋር የሚለውን እባክህ አስምርበት።

በመልእክትህ ማሽኖቹ እዚያው አሜሪካ ያገለገሉና በርካሽ የተገኙ ናቸው ብለሃል። እዚህ ላይ ቁም። የእናንተ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ማሽኑን እንዳለ የሰካው ሰው በደቂቃ ውስጥ ያቃጥለዋል። ትራንስፎርመር እንጨምራለን እንዳትለኝ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 የተሠራ የኮምፕረሰር ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይግላል፣ አየሩን በሚገባ ስለማይገፋ የኦክስጅኑ ንጽሕና ይወርዳል። ማሽኑ እየጮኸ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ሕፃኑ ግን አይሻለውም።

ከፍታውም አለ። ቀያችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንዳንዱ ማሽን ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ ከ3,000 በላይ የሚሠሩም አሉ። ቁጥሩ መመሪያው ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛታችሁ በፊት ፈልጋችሁ አንብቡት። ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ የሚጮህ ማንቂያ የሌለውን ጭራሽ አትግዙ።

ነርሶች ኦክስጅን መምጣቱን የሚያዩት የአፍንጫውን ቱቦ ጫፍ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክረው ነው። አረፋ ካለ ጋዝ እየመጣ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቱቦ የታጠፈ ወይም የእርጥበት ጠርሙሱ ክዳን ጠምዞ ገብቶ የሚያፈስ ከሆነ ወዲያው ያሳይሃል። ግን አረፋው ጋዝ መኖሩን እንጂ ኦክስጅን መሆኑን አይነግርህም። ዜዮላይቱ እርጥበት ጠጥቶ የሞተበት ማሽንም ተራ አየር እያወጣ አረፋውን ያንፈቀፍቃል። ለዚህ በእጅ የሚያዝ የኦክስጅን መለኪያ ያስፈልጋል። ለሆስፒታሉ አንድ መለኪያ ብትልኩ ከሦስት ተጨማሪ ማሽን ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ዜዮላይቱን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሥራ መፍታት ነው። ማሽኑ "ለክፉ ቀን" ተብሎ መጋዘን ሲቆለፍበት እርጥበት ይገባዋል፤ ተራ በተራ እየተለዋወጡ እንዲሠሩ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው ጠላት የበጋው አቧራ ነው። የውጭው ስፖንጅ ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለስ፤ አቧራ በሚበዛበት ወር ከዚያም በላይ። የውስጡ ማጣሪያ አይታጠብም፣ ይቀየራል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከማሽኑ ጋር ካልመጣ ወረዳ ላይ አይገኝም። ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ብሎ ይመጣና ቦርዱን ይመታዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ስታቢላይዘር ይኑረው። ባለ 5 ሊትሩ 350 ዋት ያህል ይበላል፤ ጄኔሬተሩ ስንቱን እንደሚችል አስቀድሞ ይሰላ። መብራት በጠፋ ሰዓት የሚከፈት አንድ የሞላ ሲሊንደርም ክፍሉ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ይቁም፤ አፉን ማንም ዘይት ወይም ቅባት አያስነካው፣ በኦክስጅን ግፊት ይቀጣጠላል። የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር ከዚያ ልትልኩ ካሰባችሁ ቆዩ፤ የአሜሪካው ጥርስ ከእኛ ሲሊንደር አፍ ጋር ላይገጥም ይችላል።

በቁጭት የምጽፍልህ ግን ስለ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው፤ ጣት ላይ የምትሰካዋን ትንሽ መሣሪያ ማለቴ ነው። በኮሮና ጊዜ ማን ይተኛ፣ ማን ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለውን በአብዛኛው የወሰነችው እሷ ናት። በፈረንጆቹ ሰኔ 2020 ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽ መድኃኒት በቀን 6 ሚሊግራም ሲሰጥ ኦክስጅን ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን በአንድ አምስተኛ፣ ቬንቲሌተር ላይ ካሉት በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ እንግሊዝ ውስጥ ተረጋገጠ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አልታየበትም። መድኃኒቱ እኛም አገር አለ፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም። የሚሰጠው ለማን እንደሆነ የምትናገረው ደግሞ ያቺ ጣት ላይ ያለች መሣሪያ ናት።

መሣሪያዋ ሁለት ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች፤ 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይና 940 ናኖሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ። የሁለቱን ልዩነት ወደ ቁጥር የምትለውጠው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ተለክቶ በተሠራ ሠንጠረዥ ነው። የቆዳ ጥቁረት ብርሃኑን ይውጣል፤ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ በአብዛኛው ነጭ ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ 2013 ያወጣው መመሪያ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው) ከቢያንስ 10 ሰው ውስጥ 2 ጥቁር ቆዳ ያላቸው ከተገኙ ይበቃል የሚል ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ሐኪሞች ማስረጃውን አወጡ። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 እያሳየች ከደም ቧንቧ የተቀዳው ደም ግን ከ88 በታች የሆነባቸው ከነጮቹ ልኬት 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነው። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ችግሩ ከ1990 ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ 30 ዓመት ተኛበት። አስተዳደሩ በየካቲት 2021 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የተፈታኞቹን ቁጥር ወደ 150 የሚያሳድገው ረቂቅ የመጣው በጥር 2025 ነው።

ይህ አንተንም እናታችንንም የሚነካ ነው፤ በዚያች መሣሪያ ዓይን ሁላችንም ጥቁር ነን። እናታችን ሳል ይዟቸው 93 ወይም 94 ቢያሳይ "ደህና ናቸው" ብለህ አትተኛ። የጣታቸውን እንሶስላ ወይም ቀለም አስለቅቅ፣ እጃቸውን በእጅህ ይዘህ አሙቀው፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቅ፤ የልብ ምቱ መስመር ደካማ ከሆነ ሌላ ጣት ሞክር። በደህና ቀን ስንት እንደሆኑ አስቀድመህ ጽፈህ አስቀምጥ፤ ከዚያ በ3 ወይም በ4 መውረዱ ከቁጥሩ ከራሱ በላይ ይናገራል። አተነፋፈሳቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። እየቆራረጡ የሚያወሩ፣ ጥቂት ሲራመዱ የሚያለከልኩ ከሆነ መሣሪያዋ ምንም ትበል ውሰዳቸው፤ ሐኪሙንም ከደም ቧንቧ ደም ተቀድቶ እንዲለካ ጠይቀው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛ ብለህ ጠይቅ፣ ልጅህን አታስተርጉም። እሳቸው ለሐኪም ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" እንደሚሉ ታውቃለህ።

የሚገዛውን በተመለከተ የኔ ሐሳብ 15ቱን ትታችሁ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሆኑ፣ ለከፍታችን የተሠሩ 6 አዲስ ማሽኖች ግዙ ነው። የቀረውን ገንዘብ ለስታቢላይዘር፣ ለሁለት ዓመት ማጣሪያ፣ ለጨቅላ መጠን የአፍንጫ ቱቦ፣ ለፍሰት ማከፋፈያ፣ ለመለኪያው አውሉት። ኦክሲሜትሮቹ ሕፃን እግር ላይ የሚጠመጠም ሴንሰር ይኑራቸው፤ የአዋቂው መቆንጠጫ ጨቅላ ላይ አይይዝም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ኦክስጅን ሲበዛም ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል፤ የኦክሲሜትሩ ቁጥር ከ90 እስከ 95 መካከል መጠበቅ ስላለበት ያለ ሴንሰሩ ማሽኑ ራሱ አደጋ ነው። ለባዮሜዲካል ባለሙያው የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ መድቡ፤ ማኅበራት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ፎቶ የሚነሱት ከማሽን ጋር ነውና። አንተ ግን ለባለሙያው ተከራከርለት።

ሣጥኑ ከመጫኑ በፊት ሆስፒታሉ የተቀባይነት ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ የማስገቢያ ፈቃዱም ይውጣ፤ አለዚያ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ማሽኑ የሚቀመጥበትን ክፍል ሶኬት፣ የጄኔሬተሩን ጽሑፍና የሲሊንደሩን አፍ ፎቶ አስነስቼ እልክልሃለሁ። አንተ ደግሞ የምታስቡትን ማሽን ሞዴልና ከኋላው ያለውን የቮልት ጽሑፍ ፎቶ ላክልኝ፤ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወዳጅህ